ብሩ ከማን አካውንት ይመጣል?

በአዲስ አበባ ልደታ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ዲስኩር

 

ልደታ ስለ ገንዘብ ለመነጋገር የሚመች ሰፈር ነው። ወደ ሰንጋ ተራ ብቅ ስትሉ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ይታያችኋል። በዙሪያው የኅብረት፣ የንብና የዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ቆመዋል፤ ብሔራዊ ባንክም ከዚያ ሩቅ አይደለም። በዚህ በኩል ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት አለ። የዛሬው ጉዳያችን ባንኩንም ፍርድ ቤቱንም ስለሚመለከት ነው ሁለቱንም ያነሣሁት።

ከወጣቶች በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ ነው በቀጥታ ወደ ንግድ ባንክ የሚያወጣው?» ይላሉ። አንዳንዱ ንግድ ባንክን በአዋሽ፣ በዳሸን፣ በአቢሲንያ ወይም በቴሌብር ይተካዋል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። መልሱን ሳላስጠብቃችሁ ልናገር፤ አንድም የለም። ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሰጥቶት በኢትዮጵያ ውስጥ አካውንት ከፍቶ፣ የእናንተን ክሪፕቶ ተቀብሎ ብር ወደ ባንክ ደብተራችሁ የሚያስገባ የክሪፕቶ መገበያያ የለም። አፕሊኬሽኑ ላይ የንግድ ባንክን ስም ያያችሁት ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ያልተረዳ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አካውንቱን፣ አንዳንዴም ነፃነቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ጊዜያችንን በዚያ ላይ እናጥፋ።

በመጀመሪያ ጥያቄው ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ልጆቻችን ስልካቸውን በጣታቸው ሲመቱ የምናያቸው በቴሌግራም በመጣ ጨዋታ ምክንያት ነበር። ከጨዋታዎቹ የኖትኮይን ሳንቲም በግንቦት 2016 ወደ ገበያ ወጣ፤ የሃምስተር ኮምባት ደግሞ መስከረም 16 ቀን 2017 ተከተለ። ብዙ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የኤክስቼንጅ አካውንት የከፈተው ያኔ ነው። የተገኘው ገንዘብ ለብዙዎቹ ከድካማቸው ጋር የማይመጣጠን ኢምንት ነበር። አካውንቱ ግን ተከፍቶ ቀረ፤ ዩኤስዲቲ የሚባለው፣ ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረው ሳንቲም፣ የተለመደ ቃል ሆነ።

ሌላው ወገን ይበልጥ ያሳስበኛል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት ኮድ የሚጽፍ፣ ሎጎ የሚሠራ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ትርጉም የሚተረጉም ልጅ አለ። ሠርቶ ያገኘው ደመወዝ ነው። አሠሪው «በዩኤስዲቲ ልላክልህ» ይለዋል፤ ልጁም ሌላ መንገድ ያለ ስለማይመስለው እሺ ይላል። የቤት ኪራይ ደርሷል፣ እናቱ መድኃኒት ትፈልጋለች፣ በእጁ ያለው ግን ስልክ ላይ የሚታይ ቁጥር ነው። ይህን ልጅ «ሕገ ወጥ ነህ» ብሎ ማባረር ቀላል ነው። እኔ ግን ምን እያደረገ እንደሆነ አውቆ እንዲወስን ብረዳው እመርጣለሁ።

ሕጉን እንመልከት። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የሀገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ፣ ቢትኮይንና መሰሎቹን በመጠቀም የሚደረግ ግብይት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክሪፕቶ አገልግሎት ላይ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጥሪ አቀረበ። በየካቲት 2016 ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ካደረገ ዌስት ዳታ ግሩፕ ከተባለ ኩባንያ ጋር የ250 ሚሊዮን ዶላር የዳታ ማዕከልና የቢትኮይን ማዕድን ሥራ ስምምነት ተፈራረመ። የውጭ ኩባንያዎች ከኤሌክትሪክ ኃይላችን እየገዙ ቢትኮይን ያመርታሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «መንግሥት ራሱ ለቢትኮይን መብራት እየሸጠ እኔ ሁለት መቶ ዩኤስዲቲ ብሸጥ ምን አለበት?» ይላል። መብራት ገዝቶ ኮምፒውተር ማሽከርከር አንድ ነገር ነው፤ ሀገር ውስጥ ከሰው ጋር ክሪፕቶን በብር መለዋወጥ ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ውል አለ፤ ለሁለተኛው ፈቃድ የለም። አቋሙ ለወጣቱ ግራ የሚያጋባ መሆኑን አልክድም። ግራ መጋባት ግን ፖሊስ ፊት መከላከያ አይሆንም።

አሁን ወደ አፕሊኬሽኑ እንግባ። በእውነት ወደ ባንክ የሚያወጣ ኤክስቼንጅ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ደቡብ አፍሪካን ማየት ይጠቅማል። እዚያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ክሪፕቶን የፋይናንስ ምርት ነው ብሎ ደነገገ፤ ከዚያም እንደ ሉኖና ቫልር ላሉ ድርጅቶች ፈቃድ ሰጠ። የጆሃንስበርግ ሰው ቢትኮይኑን ለሉኖ አፕሊኬሽን ሸጦ «አውጣ» ሲል ራንዱ የሚመጣው ከድርጅቱ ነው። ባንኩ ላኪውን ያውቀዋል። ገንዘቡ ቢዘገይ የሚጠየቅ ቢሮ አለ፤ ቢሮው ባይመልስ አቤት የሚባልበት ተቆጣጣሪ አለ። ወደ ሀገር ውስጥ ባንክ ማውጣት የሚባለው ይህ ነው።

እኛ ጋ ያለው ፒቱፒ ነው። ባይናንስም ሆነ ሌሎቹ ኤክስቼንጆች የሚያቀርቡት መድረክ ብቻ ነው፤ አንድ ዩኤስዲቲ የሚሸጥ ሰውና አንድ የሚገዛ ሰው ያገናኛሉ። ሻጩ ሳንቲሙን ሲያቀርብ ኤክስቼንጁ እንደ ሽማግሌ በአደራ ይይዘዋል፤ ገዢው ብሩን ከራሱ ባንክ ወደ ሻጩ ባንክ ይልካል፤ ሻጩ «ደርሶኛል» ብሎ ሲለቅ ሳንቲሙ ወደ ገዢው ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ሽማግሌው የያዘው ሳንቲሙን ነው። ብሩን አይነካውም፣ አያየውም፣ ከየት እንደመጣም አያውቅም። የንግድ ባንክ ስም እዚያ የተጻፈው ባንኩ ስለተስማማ አይደለም። ገዢው «እኔ በንግድ ባንክ እከፍላለሁ» ስላለ ብቻ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤክስቼንጅ መረጥኩ የሚል ሰው በተግባር የሚመርጠው ብር የሚልክለትን የማያውቀውን ሰው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የትኛው አፕ ይሻላል?» ከማለት በፊት «ይህ ብር ከማን አካውንት ይመጣል?» የሚለው ነው።

አንድ ግብይት በቅርበት እንይ። እንበል አንድ ወጣት 600 ዩኤስዲቲ ሊሸጥ ማስታወቂያ ከፈተ። ወዲያው አንድ ገዢ መጣና ትዕዛዝ ሰጠ። አፕሊኬሽኑ የ15 ደቂቃ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። ገዢው «ከፍያለሁ» የሚለውን ምልክት ነካ፤ በቻት ሳጥኑ ውስጥ የዝውውር ደረሰኝ ስክሪንሾት ላከ። ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረው የንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥርም አለበት። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ላይ አጭር መልእክት ገባ፤ አካውንትዎ ገቢ ሆኖለታል ይላል። ገዢው «ወንድሜ ቶሎ ልቀቀው፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው» እያለ ይወተውታል። ልጁ ለቀቀ። ከዚያ ሞባይል ባንኪንጉን ሲከፍት ሒሳቡ እንደነበረ ነው። ደረሰኙ የተቀናበረ ነው፤ አጭር መልእክቱም የባንኩን አጻጻፍ አስመስሎ ከግል ቁጥር የተላከ ነው። ኤክስቼንጁ አያስመልስለትም፤ ምክንያቱም «ደርሶኛል» ያለው ራሱ ሻጩ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ አጭር መልእክትም ማስረጃ አይደለም። የባንኩን አፕሊኬሽን ራሳችሁ ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳቡንና የላኪውን ስም ሳታዩ አትልቀቁ። ኔትዎርክ ስለሌለ አፑ አልከፍት ካለ ጠብቁ፤ ገንዘባችሁ ከሚያልቅ ሰዓቱ ቢያልቅ ይሻላል።

የላኪውን ስም ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከዚህ የከፋው ማጭበርበር የሚመጣው ብሩ በትክክል ሲገባ ነውና። አንዲት ሴት ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤት ልትከራይ ፈልጋ በስልክ ከአንድ አጭበርባሪ ጋር ተገናኘች እንበል። ሰውየው የቤት ባለቤት መስሎ «የሦስት ወር ቀብድ በዚህ አካውንት አስገቢልኝ» ይላታል። የሰጣት ቁጥር የእሱ አይደለም፤ በዚያው ደቂቃ በፒቱፒ ትዕዛዝ የሰጠበት የእናንተ አካውንት ነው። ሴትዮዋ ላከች። እናንተ ብሩ መግባቱን አይታችሁ ዩኤስዲቲውን ለሰውየው ለቀቃችሁ። በማግስቱ ቤት የለም፣ አከራይ የለም፤ ሴትዮዋ ባንክና ፖሊስ ጋ ሄደች። የሚገኘው ስም የማን ነው? የእናንተ። አካውንታችሁ ይታገዳል፤ ቀርባችሁ ስትጠየቁም የምትሰጡት ማብራሪያ «ፈቃድ የሌለው ግብይት ላይ ነበርኩ» የሚል ነው የሚሆነው። ሌባው ሳንቲሙን ይዞ ሄዷል። የተጭበረበረችው ሴትና የተጠቀሙባችሁ እናንተ ፖሊስ ጣቢያ ትፋጠጣላችሁ።

ባንክ መዝገብ አይረሳም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ንግድ ባንክ በሥርዓቱ ላይ ባጋጠመው ችግር ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መጉደሉን ገልጾ እያንዳንዱን ዝውውር ተከታተለ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ለሕዝብ ይፋ እስከማድረግ ደረሰ። አካውንታችሁ ውስጥ የገባ ብር ሁሉ የእናንተ አይደለም፤ የመጣበትን ማስረዳት የምትችሉት ብቻ ነው የእናንተ። የፋይዳ መታወቂያ ከባንክ አካውንት ጋር እየተሳሰረ ባለበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ስም መደበቂያ የለም።

በፒቱፒ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቋት አንድ ነገር አለች። መርቻንት የሚባሉት ነጋዴዎች ብር ስትልኩላቸው በምክንያት ቦታው ላይ «ክሪፕቶ» ወይም «ዩኤስዲቲ» ብላችሁ እንዳትጽፉ ያስጠነቅቃሉ። ለምን? ባንኩ ካየ ይጠይቃልና። ለባንካችሁ ምክንያቱን መናገር የማትችሉበት ዝውውር ላይ ስትገቡ ምን ውስጥ እንደገባችሁ ከዚያች መስመር መረዳት ትችላላችሁ። እኔ ለማንም «ይህን አድርጉ» አልልም፤ አላልኩምም። ግን ብዙዎቻችሁ አሁንም በእጃችሁ የያዛችሁት እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ መድረኮቹን እንዴት እንደምመዝናቸው አወራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት የምጠይቀው መድረኩ ስም ያመሳክራል ወይ ብዬ ነው። ደኅና ኤክስቼንጅ መታወቂያ ጠይቆ ማንነታችሁን ያረጋግጣል፤ በሌላ ሰው አካውንት መክፈልንም ይከለክላል። ቅድም ያነሣኋት ሴት ጉዳይ ሊፈጠር የማይችለው ሻጩ «የላከችው ሴት ናት፣ ትዕዛዙ ግን የወንድ ስም ነው፤ አልለቅም» ሲል ነው። ብሩ ይመለሳል፣ ክርክሩም በመድረኩ የአቤቱታ ክፍል ይታያል። መታወቂያ የማይጠይቅ፣ «በቴሌግራም አውሩኝ» የሚል፣ ከአፕሊኬሽኑ ውጭ ገንዘብ የሚቀባበል መድረክ ለሌባ የተመቸ ነው። ብዙ ወጣት መታወቂያ አለመጠየቁን እንደ በጎ ነገር ሲያወራ እሰማለሁ። ነገር ሲበላሽ ግን ያኛውም ወገን ስም እንደሌለው ያን ጊዜ ይገባዋል።

ከዚያ መውጫውን እጠይቃለሁ። ጎረቤት ሳይሆን በአህጉራችን ሌላ ጫፍ ናይጄሪያ የደረሰውን ስሙ። ባይናንስ ናይጄሪያ ውስጥ እጅግ ሰፊ ደንበኛ ነበረው፤ በናይራ ማስገባትም ማውጣትም ይቻል ነበር። መንግሥት የናይራ መውደቅ ምክንያት ነው ብሎ ድርጅቱን ከሰሰ፤ በየካቲት 2016 ሁለት ኃላፊዎቹን አሰረ። ድርጅቱ በዚያው ወር መጨረሻ የናይራ አገልግሎቱን በሙሉ ዘጋ። ማስታወቂያውና መዝጊያው ቀን መካከል የነበረው ጊዜ ጥቂት ቀናት ነው። ናይራ አስቀምጦ ያላወጣ ሰው ድርጅቱ ራሱ በቆረጠው ዋጋ፣ በአንድ ዩኤስዲቲ 1,515 ናይራ ገደማ፣ ወደ ዩኤስዲቲ ተቀየረበት። በዓለም ትልቁ ኤክስቼንጅ ነው ይህ የደረሰው፤ በአፍሪካ ትልቅ በሆነ ገበያ ላይ ነው የደረሰው። የብር ፒቱፒም ነገ ጠዋት በአንድ ማስታወቂያ ሊዘጋ ይችላል፤ የሚከለክለው ውል የለም። ስለዚህ ማንም ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚፈልገውን ገንዘብ እዚያ ላይ ማሳደር የለበትም።

የሚቀጥለው ኤክስቼንጁ ራሱ ነው። በየካቲት 2006 የጃፓኑ ማውንት ጎክስ ከስሮ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቁ። በጥቅምት 2015 መጨረሻ ኤፍቲኤክስ ማውጣት አቁሞ በቀናት ውስጥ ኪሳራ አወጀ፤ የደንበኞችን ገንዘብ ለእህት ድርጅቱ እያበደረ ነበር። መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ በመጋቢት 2016 የ25 ዓመት እስር ተፈረደበት። በሌላ በኩል ደግሞ ባይቢት በየካቲት 2017 በሰርጎ ገቦች 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተዘርፎ ሳለ ለደንበኞቹ ማውጣትን አላቋረጠም። ከእነዚህ የምወስደው ነገር አለ። ድርጅት ትልቅ መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ በክፉ ቀን ለሚጠይቀው ሰው መስጠት መቻሉ ነው ሚዛኑ። ይህን አስቀድማችሁ የምትለኩበት መንገድ ውስን ነው፤ የሚያዋጣው እዚያ ላይ ብዙ አለማኖር ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳዝነኝን ልናገር። እውነተኛ ያልሆኑ ኤክስቼንጆች አሉ። አፕሊኬሽን አላቸው፣ ግራፍ ይወጣል ይወርዳል፣ ቀሪ ሒሳባችሁ በየቀኑ ያድጋል፤ ከጀርባው ግን ምንም ግብይት የለም። ሲቤክስ የተባለው በናይጄሪያ በሚያዝያ 2017 የፈራረሰው እንዲህ ያለ ነበር። በወር ውስጥ ገንዘብን እጥፍ አደርጋለሁ ይል ነበር። አንድ ቀን ማውጣት ቆመ። ከዚያ ምን አለ? «አካውንታችሁን ለማረጋገጥ 100 ዶላር፣ ከፍ ያለ ሒሳብ ያላችሁ 200 ዶላር አስገቡ» አለ። ሰው ተስፋ ቆርጦ ኢባዳን ከተማ ያለውን ቢሮውን ዘረፈ፤ ወንበርና ፍሪጅ ተሸክሞ ወጣ። ወላጆች፣ ይህን አንድ ነገር ልጆቻችሁን አስጠንቅቁ፤ የራስን ገንዘብ ለማውጣት መጀመሪያ ገንዘብ አስገባ የሚል ሁሉ ሌባ ነው። «ታክስ ክፈል»፣ «ዋስትና አስይዝ»፣ «ደረጃህን ከፍ አድርግ» ቢልም ያው ነው። እውነተኛ ኤክስቼንጅ ክፍያውን ከምታወጡት ላይ ይቀንሳል እንጂ አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲህ ያሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በምናምነው ሰው በኩል ነው፤ በአክስት ልጅ፣ በዕቁብ ጓደኛ፣ በማኅበር አባል። ያ ሰው ሊዋሸን አስቦ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ገና አልነቃም።

ስለ ክፍያ ብዙ አላወራም። «ፒቱፒ ያለ ክፍያ ነው» ይባላል፤ ክፍያው በዋጋው ውስጥ ነው ያለው። አንዱ ገዢ ከሌላው በ4 ብር ዝቅ አድርጎ ቢገዛችሁ በ200 ዩኤስዲቲ 800 ብር ከፈላችሁ ማለት ነው። በአንፃሩ ከገበያው በጣም ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ የተሰረቀ ብር እያጸዳ ሊሆን ይችላልና ከእሱ መራቅ ነው። ሌላው ኔትዎርክ ነው። ያው ዩኤስዲቲ በትሮን፣ በኢቴሪየም ወይም በባይናንስ ሰንሰለት ይላካል፤ አሠሪያችሁ በአንዱ ልኮ እናንተ በሌላው አድራሻ ብትሰጡ ገንዘቡ መሐል ላይ ሊቀር ይችላል። አሥር ዩኤስዲቲ አስቀድሞ አስልኮ መሞከር ደመወዝን ከመጥፋት ያድናል።

አሁን ሠርቶ ለሚያድረው ልጅ ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱን ሲለውጥ ሁሉም ሰው ያወራው ስለ ብር መውደቅ ነበር። በዚያው መመሪያ ውስጥ ግን ለእናንተ የሚጠቅም ነገር ነበር፤ በሀገር ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ፣ በውጭ ምንዛሪ በሚከፈለው ደመወዝና በመሳሰሉት የውጭ ምንዛሪ አካውንት እንዲከፍት ተፈቀደ። ከዚያ በፊት የባንኩ ዋጋ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ፣ የጥቁር ገበያው ደግሞ ከመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ወጣቱ ወደ ፒቱፒ የሮጠበት ምክንያት ይገባኛል፤ ደመወዙን በግማሽ ዋጋ ለባንክ መስጠት አልፈለገም። ያ ልዩነት ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ሰንጋ ተራ ድረስ ሄዳችሁ የሁለትና የሦስት ባንኮችን የውጭ ምንዛሪ መስኮት ጠይቁ፤ ምን ሰነድ ይፈልጋሉ፣ የሥራ ውል በኢሜይል የተጻፈ ይበቃል ወይ፣ ስንት ይቆርጣሉ፣ በስንት ቀን ይደርሳል። ከዚያ ለአሠሪያችሁ የባንኩን ስዊፍት ኮድና የአካውንት ቁጥር ላኩለት። ዝውውሩ ለትንሽ ገንዘብ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወር በወር ከማስላክ በሁለትና በሦስት ወር አጠራቅሞ አንድ ጊዜ ማስላክ ያቃልለዋል። ያ ገንዘብ ሲገባ የምክንያት መስመሩ ላይ «ደመወዝ» ተብሎ ይጻፋል። ለቤት ብድር፣ ለቪዛ፣ ለግብር ስትጠየቁ የምታሳዩት ወረቀት ይኖራችኋል። በፒቱፒ ዓመት ሙሉ የሠራ ሰው በባንክ መዝገቡ ላይ የሚታየው የማይተዋወቁ ሰዎች ስም ዝርዝር ብቻ ነው፤ የሠራተኛ ገቢ አይመስልም።

ለባለ ሥልጣኖቻችንም የምለው አለኝ። መከልከሉ ሰውን አላስቆመም፤ ወደማይታይበት አወረደው። ኬንያ በጥቅምት 2018 የዲጂታል ሀብት አገልግሎት ሰጪዎችን ሕግ አጽድቃ ፈቃድ የሚሰጡትንም ማዕከላዊ ባንኳንና የካፒታል ገበያ ባለሥልጣኗን አድርጋለች። ናይጄሪያ ያ ሁሉ ጠብ እያለም በ2016 ክረምት ቡሻና ኪዳክስ ለተባሉ የሀገር ውስጥ ድርጅቶች የመጀመሪያ ፈቃድ ሰጥታለች። እኛም ጋ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት አንድ በር ቢከፈት ወጣቱ ስሙንና የገንዘቡን ምንጭ አሳይቶ ይገባል፤ መንግሥትም የሚፈልገውን የውጭ ምንዛሪ ከጥቁር ገበያ ይልቅ በመዝገብ ያገኛል። ይህን የምለው ሕጉን ለማጣጣል አይደለም፤ ሕጉ የሚጠብቃቸውን ሰዎች እንዲደርስላቸው ስለምፈልግ ነው።

በመጨረሻ፣ ምናልባት እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አካውንቱ የታገደበት ሰው ይኖር ይሆናል። አትደናገጡ፤ «አስከፍታለሁ» የሚል ደላላም አትቅጠሩ። ከአፕሊኬሽኑ ላይ የትዕዛዙን ቁጥር፣ የገዢውን የተረጋገጠ ስም፣ ሙሉውን የቻት ልውውጥ ሳይጠፋ አውጡ፤ የባንኩን የዝውውር ቁጥርና ቀን አስቀምጡ። አካውንቱን ወደከፈታችሁበት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ እገዳው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ጠይቁ፤ በባንኩ በራሱ፣ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የሚኬድበትም በር እንደዚያው ይለያያል። የገባውን ብር አትንኩት፣ ለሌላ ሰውም አታስተላልፉት። ፖሊስ ከጠራችሁ ጠበቃ ይዛችሁ ቅረቡ፤ የሆነውንም እንደሆነው ተናገሩ፤ ታሪክ ፈጥሮ መናገር ተታላዩን ተባባሪ ያስመስለዋል። ቻቱን ከስልካችሁ ላይ ያጠፋችሁ ካላችሁ ኤክስቼንጁ ጋ ቅጂው ሊኖር ስለሚችል ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ እቀበላለሁ፤ ከወላጆች እንጀምር።